ሃምሳ ቁጥር

ቅዳሜ፣ የኦገስት ሁለተኛ ሳምንት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። የሰፈራችን መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ። ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰርቨር ቁጥሩን ከሃምሳ ወደ ሃያ ሦስት ቀየረ።

ቤታችን በስደት ከምንኖርበት ከተማ ሴንት አልባንስ የሚባለው ሰፈር ነው። ጋራዡ ውስጥ መኪና ገብቶ አያውቅም። በአንዱ ጥግ የልብስ ማጠቢያው አለ፤ በሌላው ጥግ አንድ ቢሮ ሲዘጋ ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ያመጣሁት አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። የሚሠራው ሊነክስ በሚባል ሲስተም ነው፤ ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፤ የማዝዘው ከላፕቶፔ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት የምናስተላልፈው የአማርኛ ፕሮግራም ከዚያ ይወጣል። ዜናውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚያነቡት ዌስት ፉትስክሬይ የሚባል ሌላ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እዚህም በዚያው እጠራቸዋለሁ።

ጋሼ በሚቀጥለው ሰኞ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ተገኝቷል፤ ሐኪሞቹ ማንቁርታቸውን ያወጡታል። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። በመሣሪያ መናገር ይችሉ ይሆናል፤ በራሳቸው ድምፅ ግን አይናገሩም። ይህን መጀመሪያ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በኋላም አብሬያቸው ሄጄ ከሐኪሟ አፍ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የዚያ ቅዳሜ ዜና የመጨረሻቸው ነበር።

ድምፃቸው እኛ ጋራዥ የሚደርስበት መንገድ፣ ሲሠራ፣ ቀላል ነው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ማይክሮፎን አለ፤ ማይክሮፎኑ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር ተያይዟል። ሳጥኗ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። ጋሼ ቀዩን ሲጫኑ ድምፃቸው በኢንተርኔት እስከ እኛ ቤት ሮውተር ይመጣል። ሮውተሩ ለቤቱ ዕቃ ሁሉ፣ ለስልኩም፣ ለቴሌቪዥኑም፣ ለሰርቨሩም፣ ለየብቻ ቁጥር ያድላል። እኔ ሮውተሩን «ከጋሼ ሳጥን የሚመጣውን ለሃምሳ ቁጥር አቀብል» ብዬ አዝዤዋለሁ፤ ሃምሳ ቁጥር ሰርቨሩ ነበረና። ችግሩ ቁጥሩ የውሰት መሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሮውተሩ እንደ አዲስ ያድላል። ያኔ የጋሼ ድምፅ ሃምሳ ቁጥር በር ላይ ይቆማል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም የለም።

ያለፈው ቅዳሜ እንደዚያ ሆኗል። ሁለተኛውን ዜና ሲጀምሩ መብራቱ ብልጭ አለ። በእሳቸው በኩል ምንም ምልክት አልነበረም፤ የሳጥኗ መብራት እንደበራ ነው። ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ አድማጮቹን ተሰናብተው፣ ቀዩን ቁልፍ አጠፉ። ስደውል «እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«አልተላለፈም ጋሼ። ሁለተኛው ዜና ላይ ተቋርጧል።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለማን ነው ሳነብ የቆየሁት?»

በዚያ ሳምንት ሌላ መንገድ ለማግኘት ሞክሬያለሁ። ቤታቸው ሄጄ በስልክ ልቅረጻቸውና ቅዳሜ ቅጂውን እናስተላልፍ ብዬ ነበር። «አንተ ልጅ፣ በቁሜ ሬሳ አታድርገኝ!» አሉ። «ሰው እየሰማኝ ነው የማነብ። ያለ ሰውማ ለግድግዳም አነብለት የለ?» ልጅ የሚሉኝ እኔ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። መጥቼ ልውሰድዎትና ከጋራዡ ያንብቡ አልኳቸው። ይህን የከለከለችው ሐኪሟ ናት፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት ጉንፋን እንዳይዛቸው ከቤት አይውጡ ብላለች። ኦገስት እዚህ ብርዱ የሚጠናበት ወር ነው፤ የኛ ጋራዥ ከፍሪጅ አይሻልም።

የቀረው የሰርቨሩ ቁጥር እንዳይለወጥ ማድረግ ነበር። ይህን የነገረችኝ ክሬጊበርን የምትኖር ኔትወርክ ሠራተኛ ናት። የወንጌል አማኝ ናት፤ ወንድሜ ትለኛለች፣ እኔም እህቴ እላታለሁ። እንደዚያ ተባብለን ደግሞ በሃይማኖት ስንበሻሸቅ ነው የምንውለው። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስትመለስ መኪና ውስጥ ሆና ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ሰርቨር እኮ እንደ ተከራይ በየጊዜው ዕቃውን አይሸከምም። ቋሚ አድራሻ ስጠው።»

ቋሚ አድራሻ የሚለውን ቃል በስደተኛነቴ ጊዜ በብዙ ፎርም ላይ ባዶ ትቼ አልፌዋለሁ። ለማሽን የሚሰጥ ነገር መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ።

«እንዴት ነው የሚሰጠው?»

«አንድ ፋይል ነው፤ አሥር ምናምን መስመር። እየነዳሁ ነው፣ እኔ ልንገርህ አንተ ጻፍ። ታብ የሚባለውን ቁልፍ እንዳትነካ፤ በክፍት ቦታ ብቻ ነው መስመሩን የምታስገባው። አንድ ክፍት ቦታ ከጎደለ አይቀበልህም። እንደናንተ ቄስ ነው፣ ሥርዓቱ ካልተሟላ ንቅንቅ አይልም።»

«ቄሱን ተያቸውና መስመሩን ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ላፕቶፔ ላይ ጻፍኩ። እሷ እንግሊዝኛውን ቃል ትላለች፤ እኔ እሱን ጽፌ አጠገቡ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ አስቀምጣለሁ። የፋይሉ አሠራር ሁሉም መስመር ላይ አንድ ነው፦ የነገሩ ስም ይጻፋል፣ ኮሎን የሚሉት የእንግሊዝኛ ምልክት ይከተላል፣ ከዚያ መልሱ ይገባል። አድራሻ ኮሎን ይሄ ቁጥር። መውጫ በር ኮሎን ያ ቁጥር። «በመጀመሪያ ግን» አለች፣ «ሮውተሩ ውስጥ ገብተህ ሃምሳን ከሚያውሳቸው ቁጥሮች አስወጣ። አለዚያ ለልጅህ ስልክ ይሰጠውና ሁለቱ ይጣላሉ።» ይህን ያን ምሽት ሠራሁት። ሮውተሩ ከአርባ ዘጠኝ በላይ እንዳያድል አደረግሁ። ፋይሉን አርብ ልጽፍ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን የምሠራበት መጋዘን ሺፍቴን አራዘመና ለቅዳሜ ጠዋት አደረ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ሥራው ግማሽ ላይ ነበር። ሃምሳ ቁጥር ከውሰት ወጥቷል፤ ሰርቨሩ ግን ገና አልያዘውም። በዕድል እንኳ ወደ ሃምሳ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ምሰሶ ይቀይሩ ነበር፤ ያለፈውም ሳምንት እነሱ ናቸው። አንዱን ጠጋ ብዬ ዛሬ ሌላ ጊዜ ይጠፋ እንደሆነ ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቅንቆ ሊሆን ይችላል አለኝ። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። እሱንም አያውቅም። አመስግኜ ተመለስኩ። ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ መምታት ጀምሯል።

ላፕቶፑን የልብስ ማጠቢያው ላይ አስቀምጬ ቆሜ ሠራሁ። ወደ ሰርቨሩ በሃያ ሦስት ቁጥር ገባሁ። ፋይሉን ከፈትኩ። ሐሙስ የጻፍኩትን ገልብጬ አስገባሁ፤ የአማርኛ ማብራሪያዎቼን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። የመስመሮቹን አገባብ በጣቴ እየለካሁ አየሁ። ትእዛዙን ሰጠሁ።

ማሽኑ አልተቀበለም። የሰጠው ምክንያት በአማርኛ ሲገለበጥ ይህ ነው፦ ስምንተኛው መስመር ላይ ይጠበቅ የነበረው ኮሎን አልተገኘም።

ስምንተኛውን መስመር አየሁ። ኮሎኑ አለ።

አጠፋሁት፣ እንደገና ጻፍኩት። ትእዛዙን ደገምኩ። ያንኑ ቃል መለሰልኝ። መስመሩን በሙሉ ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ያው ነው። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ባለሥልጣን ዓይኔ እያየ ያለውን ነገር የለም ብሎኛል፤ ማሽን ግን የመጀመሪያው ነበር።

ክሬጊበርን ላለችው ኔትወርክ ሠራተኛ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የመዝሙር ልምምድ አላት። መልእክት ተውኩላት። ወደ ኩሽና ሄድኩ፣ ለምን እንደሄድኩ ጠፋኝ፣ ተመለስኩ። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እንደገና ወደ ኩሽና ሄድኩ።

«ሰውዬ፣ አንድ ቦታ ተቀመጥ፤ ወለሉን ጨረስከው» አለች ባለቤቴ።

«ኮሎን የለም ይለኛል። አለ።»

«ካለ አለ በለውና ና ቁርስህን ብላ።»

እንጀራ ፍርፍሩን ቆሜ ሁለት ጎረስኩና ወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸው ከታመሙ ጀምሮ ሻክሯል፤ ለዜናው እንዲቆጥቡት ስለተነገራቸው በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

«ቁልፉን ልጫን?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«ማሽንህ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው።» ይህ እውነት አልነበረም፤ ስለዚህ አስተካከልኩት። «ደህና አይደለም። ቁጥሩን ለውጧል፤ እየመለስኩት ነው። አንድ ፋይል አልቀበል ብሎኛል።»

«ካልሆነ አትደብቀኝ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብዬ አልቀመጥም።»

«አልደብቅዎትም።»

ስልኩን እንደዘጋሁ መብራቱ ደግሞ ጠፋ። ጋራዡ ጨለመ፤ የሰርቨሩ ማራገቢያ ቀስ እያለ ቆመ። ሲመለስ ሠላሳ አንድ ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። ሮውተሩን «እሺ፣ ከእንግዲህ ለሠላሳ አንድ አቀብል» ብዬ ለዛሬ ማለፍ እችል ነበር። ባለፈው ሳምንት ያደረግሁት ግን እሱኑ ነው፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ለውጬ፣ መሃል ላይ መብራቱ ጠፍቶ፣ ጋሼ ለማንም ሳያነቡ ቀሩ። ከመንገዱ ማዶ ሰውየው ገና ምሰሶው ላይ ነበር።

ስለ ጋሼና ስለ እኔ አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ። ያን ጊዜ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ይደረግ ነበር፤ ዛሬ ክፍት ቦታ ብቻ በምንተውበት ላይ ማለት ነው። እኔ ጋዜጣ ቤት ስገባ ሁለት ነጥቡ እየቀረ ነበር፤ አልለመድኩትም። ጋሼ ግን ያለ እሱ አላነብም አሉ። «ባዶ ቦታ ምን ይለኛል? ሁለት ነጥብ ሳይ እተነፍሳለሁ።» በዚህ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል። የዜናውን ጽሑፍ እኔ በክፍት ቦታ ጽፌ እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸው በትልልቅ ፊደል አትመው ሁለት ነጥቡን በእስክሪብቶ በየቃሉ ያስገባሉ። በየሳምንቱ። ከታመሙ በኋላ ግን ተሸነፍኩ፤ ከስድስት ሳምንት ወዲህ ሁለት ነጥቡን ራሴ እየጻፍኩ ነበር የምልክላቸው። በላፕቶፔ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ የኮሎኑን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፤ ጣቴም ለምዶታል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ እንደገና ደወሉ።

«ልጫን?»

«ጋሼ፣ አልሆነልኝም።» ቃሌ ስለነበር ነገርኳቸው። «ኮሎን ጎድሏል ይላል፤ እኔ ደግሞ ምንም የጎደለ አላይም። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።»

«ብቻህን ነው ያነበብከው?»

«ከማን ጋር ላንብብ?»

«ሰው የራሱን ጽሑፍ ብቻውን አያርምም። ማተሚያ ቤት ለሁለት ነበር። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቃሉንም፣ ነጥቡንም፣ ሁሉንም። ሌላው ይከታተላል። አንብብልኝ።»

«እርስዎ ድምፅዎን ይቆጥቡ።»

«አንተ አይደለህ የምታነብ? እኔ ጆሮዬን አልታመምኩ።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ማጠቢያው ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሽማግሌ የማያዩትን፣ ቢያዩትም የማይገባቸውን የሊነክስ ፋይል በስልክ ማረም ትርጉም አልነበረውም። ሌላ የምሠራው ነገር ግን ስላልነበረኝ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

«ኔትወርክ፣ ሁለት ነጥብ።»

«ምን አልክ?»

«ሁለት ነጥብ።»

«እንግሊዝኛ ነው ያልከኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው።»

«ታዲያ ሁለት ነጥብ እንግሊዝኛ ውስጥ ምን ይሠራል? ኮሎን በል። ሁለት ነጥብ የኛ ነው።»

«ጋሼ፣ ሁለቱም ያው ሁለት ነጥብ ናቸው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። አሁን ለዚህ ጊዜ የለንም።»

«ያው ናቸው? አንተ ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ?» ሹክሹክታቸውን ረሱት። «የኛ ቃሉን ዘግቶ ቁም ይልሃል። የነሱ ደግሞ ቀጥል፣ የሚመጣ አለ ይልሃል። ኮሎን ብዬ ያዘዝኩትን ፊደል ለቃሚው ሁለት ነጥብ ለቅሞ ቢያመጣልኝ ገጹን እመልስበት ነበር! ዓይን ላለው ሰው መልካቸውም አንድ አይደለም።»

ሳል ያዛቸው። ሳሉ እስኪያልፍ ስክሪኑን እያየሁ ቆምኩ።

ከዚያ የሠራሁት ይህን ነው። የስክሪኑን ፊደል አተለቅሁ፤ አንድ ቃል መስመሩን እስኪሞላ ድረስ። ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው መስመር ነጥቦች ከቃሉ ተጠግተዋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንደዚያው። ስድስተኛው መስመር ላይ አድራሻ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ከሱ በኋላ ያሉት ሁለት ነጥቦች ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ፤ ከቃሉም ፈቀቅ ብለዋል።

እነሆ ሁለቱ፣ ጎን ለጎን። የነሱ ይህ ነው ― : ― የኛ ደግሞ ይህ ― ፡ ―።

ሐሙስ የሆነው ግልጽ ሆነልኝ። በስድስተኛው መስመር ላይ እንግሊዝኛውን ቃል ከጻፍኩ በኋላ «አዲሱ ቁጥር እዚህ ይገባል» የሚለውን ማብራሪያ ልጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙሬዋለሁ። ኮሎኑን የነካሁት ካዞርኩት በኋላ ነው። ቅዳሜ ማብራሪያውን ሰረዝኩ፤ ሁለት ነጥቡ ቀረ። ማሽኑ ስድስተኛው መስመር ላይ ኮሎን ሲያጣ ወደ ታች እየፈለገ ሄዶ፣ ተስፋ የቆረጠው ስምንተኛው ላይ ደርሶ ነው። ስለዚህ እኔን የላከኝ ምንም ወደሌለበት መስመር ነበር።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ስድስተኛው መስመር ላይ የኛ ሁለት ነጥብ አለ።»

ጋሼ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ ሲለቃቸው «ይኸው ነው እንግዲህ!» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት አልጽፍም አልጽፍም ብለህ፣ ስትጽፍ ሰርቨር ላይ ጻፍካት!»

«ድምፅዎን ጋሼ!»

«እሺ እሺ» አሉ፣ ወደ ሹክሹክታቸው ተመልሰው። «አጥፋልኝና ኮሎን አድርግበት።»

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ትእዛዙን ሰጠሁ። ማሽኑ ስህተት የሚል ቃል አላወጣም። ሙከራ ላይ ነኝ፤ ከተስማማህ ኢንተር ተጫን፤ ካልተጫንክ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ አለ። ኢንተርን ተጫንኩ። ምንም። ደግሜ ተጫንኩ። ስክሪኑ ደርቋል፤ አንድ ፊደል እንኳ አይቀበልም። ማጠቢያውን ዞርኩት። የሰርቨሩን ኬብል ነቅዬ ሰካሁ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈና ስክሪኑ ነፍስ ዘራ፤ ሰርቨሩ ተመልሶ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው።

ያን ጊዜ ከክሬጊበርን ተደወለ። ከበስተኋላዋ የመዝሙር ኦርጋንና ከበሮ ይሰማል።

«መልእክትህን አሁን ሰማሁት። የት ደረስክ?»

ነገርኳት።

«በየትኛው ቁጥር ነው የገባኸው?»

«በሠላሳ አንድ።»

«በቃ! ማሽኑ ቤት ቀየረ፤ አንተ አሮጌው በር ላይ ቆመህ ታንኳኳለህ። ኢንተርህ እንዴት ይድረሰው? ሙከራውን ተወው። በቀጥታ ተግብር በለው፤ ስክሪኑ ሲደርቅ ዝጋና በሃምሳ ግባ።»

«ካልሠራስ?»

«ይሠራል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ወንድሜ፣ አንዳንዴ ዝም ብለህ እመን።»

«ማመኑን እሑድ አደርገዋለሁ።»

«አሁን አድርገው፤ ጋሼ እየጠበቁ ነው» ብላ ዘጋችው።

ተግብር አልኩት። ስክሪኑ ደረቀ። ዘጋሁ። አዲስ መስኮት ከፍቼ በሃምሳ ቁጥር አንኳኳሁ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ገባሁ።

ፕሮግራሙ ሊጀምር የቀረው ጥቂት ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን እስካሁን የማውቀው ሰርቨሩ ሃምሳ መሆኑን እንጂ ሃምሳ ሆኖ መቅረቱን አይደለም። ሄጄ የሮውተሩን ሶኬት ነቀልኩ። ተመልሼ የሰርቨሩንም ነቀልኩ።

«ምን ሆነሃል? አሁን ሠራ አላልክም?» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

«ሠራ።»

«ታዲያ ለምን ታጠፋዋለህ?»

«ሠርቶ እንደሆነ ለማየት።»

ራሷን ይዛ ገባች። ሁለቱንም ሰካሁ። የሮውተሩ መብራቶች በቀይ ጀመሩ፣ ቢጫ ሆኑ፣ ቢጫው ላይ የቆዩ መሰለኝ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ በጋራዡና በኮሪደሩ መካከል ተመላለስኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ናቸው፤ አላነሳሁም። አረንጓዴ ሆነ። በሃምሳ አንኳኳሁ። ገና አልተነሳም። ደግሜ አንኳኳሁ። ተከፈተ።

ለጋሼ ደወልኩ። «ይጫኑ።»

«እየሰሙኝ ነው?»

«ይጫኑና ልይ።»

ተጫኑ። ስክሪኔ ላይ የድምፁ መስመር ከፍ ዝቅ አለ፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነበር።

የዚያ ሳምንት ዜና ከሌላው ሳምንት የተለየ ነገር አልነበረውም። ልዩ ነገር ልጻፍልዎት ብያቸው ነበር፤ «የተለመደውን ጻፍ፤ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የሚፈልገው የባቡሩን ወሬ ነው» ብለውኛል። ስለዚህ የኛ መስመር ባቡር በሚቀጥሉት ቅዳሜና እሑድ ለጥገና እንደሚቆምና አውቶቡስ እንደሚተካው አነበቡ። የዕድሩ ስብሰባ አዳራሽ መቀየሩን አነበቡ። የኪራይ ቤት ማሞቂያ ሲበላሽ ተከራዩ ለማን ማመልከት እንዳለበት አነበቡ። የአየሩን ትንበያ አነበቡ። በጆሮ ማዳመጫ ቆሜ ሰማሁ፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሁሉ ይሰማ ነበር። በየሁለት ነጥቡ ይተነፍሱ እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ፤ አልለየሁም። ከመንገዱ ማዶ ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን እየጫኑ ነበር። መብራቱ አልጠፋም።

በመጨረሻ ባለፈው ሳምንት ማንም ያልሰማውን ስንብት በዚያው ቃል ደገሙት፦ «ዜናችን እዚህ ላይ አበቃ። ደኅና ሰንብቱ።» ሌላ ምንም አልጨመሩም። የድምፁ መስመር ቀጥ አለ።

ስደውል መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ሰው ነበር?» ብለው ነው።

ሰርቨሩ ላይ አየሁና ነገርኳቸው። ከሌላው ቅዳሜ ይበልጣል።

«ግድግዳውን ሳትቆጥር?»

«ግድግዳውን ሳልቆጥር።»

ኦፕሬሽኑ ሰኞ ተደረገ። ማክሰኞ ሄጄ ነበር፤ ተኝተው ስለነበር አላነጋገርኳቸውም። የቅዳሜውን ቅጂ ስልካቸው ላይ አስቀምጬ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ትራሱ አጠገብ ትቼ ወጣሁ። ረቡዕ ጎብኚ አልተፈቀደም።

ሐሙስ መጋዘን ውስጥ ዕረፍት ላይ ሳለሁ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦

«ሰማሁት። ሦስተኛው፡ዜና፡ላይ፡ቸኩያለሁ። ማሽንህ፡ዛሬ፡ስንት፡ቁጥር፡ነው፧»

ቁጥሩን ሳላይ መልስ መስጠት አልፈለግሁም። ሺፍቴ ሲያልቅ ወደ ቤት ነዳሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋራዥ ገባሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሃምሳ ነበር።